አላውቃትም

እናቴ ሰው ፊት ስታለቅስ ያየኋት ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው አባቴ የተቀበረ ዕለት። ሁለተኛው በ1995 ዓ.ም. አንድ ማታ፣ እኔ በአፋሯ የሎጊያ ከተማ ከክፍል ጠረጴዛዎች በተገጣጠመ መድረክ ላይ ቆሜ፣ የእሷን ጥልፍ ቀሚስ ለብሼና የእሷን ሐብል አጥልቄ «አላውቃትም» ስል።

ቴአትሩን ያዘጋጀው ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የአማርኛ መምህራችን ነበር። ቀን ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ስለሚያልፍ ልምምዱም ትርኢቱም ከመሸ በኋላ ነበር። መጋረጃችን ሁለት አንሶላ፣ መብራታችን በተዋስነው ጄነሬተር የሚሠራ አምፖል። በአስፋልቱ ላይ የሚያልፈው ተሳቢ ሁሉ ድምፃችንን ስለሚውጠው፣ መኪና ሲመጣ ቃላችንን ይዘን እንድንቆም፣ ሲያልፍ ካቆምንበት እንድንቀጥል ተለማምደን ነበር። «አላውቃትም» ከማለቴ በፊትም አንድ ቦቴ እያጓራ እስኪያልፍ ቆሜ ጠበቅሁ። ያ ፋታ ባይኖር ኖሮ ፊተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠችውን እናቴን ቀና ብዬ አላይም ነበር።

ቴአትሩ እንግሊዛዊው ጄ. ቢ. ፕሪስትሊ የጻፈው፣ መንግሥቱ ለማ «ጠያቂ» ብሎ ወደ አማርኛ የመለሰው ነው። መምህራችን አሳጥሮት፣ የሰዎቹን ስም ግን እንዳለ ትቶት ነበር። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1912 ብራምሊ በምትባል የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ በአንድ ምሽት ያልቃል። የፋብሪካው ጌታ ቢርሊንግ ለልጁ መታጨት ራት ጠርቶ፣ ራቱ እንዳበቃ መርማሪ ነኝ የሚል ሰው ይገባል። ኢቫ ስሚዝ የተባለች ወጣት መርዝ ጠጥታ ሞታለች ይላቸዋል። ከዚያ አንድ በአንድ ይጠይቃቸዋል። አባትየው ደሞዝ ይጨመርልን ብላ አድማ በመምራቷ ከፋብሪካው አባሯታል። ሴት ልጁ በቅናት ከልብስ መደብር ሥራዋ አስነቅላታለች። የሴት ልጁ እጮኛ አንድ ሰሞን አስቀምጧት ትቷታል። ወንዱ ልጅ አስረግዟታል። እናትየው ሲቢል ቢርሊንግ ደግሞ የመጨረሻውን በር ዘግታባታለች። የእኔ ድርሻ ይህችን እናት መሆን ነበር።

መርማሪው ፎቶግራፍ ያሳያታል። ታያለች። አላውቃትም ትላለች። ታውቃታለች። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ልጅቷ ሲቢል በምትመራው የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ፊት ቀርባ ነበር፤ ነፍሰ ጡር ናት፣ የምትበላው የላትም። ስሟን ሲጠይቋት «ወይዘሮ ቢርሊንግ» አለች። የማኅበሩ መሪ የቤቷን ስም ከችግረኛ አፍ ስትሰማ ደሟ ፈላ፤ ከዚያ በኋላ ልጅቷ የተናገረችው ሁሉ ውሸት ሆነባት። የልጄ አባት የሚያመጣው ገንዘብ የተሰረቀ ስለሆነ አልቀበልም ብያለሁ ስትል እንኳ፣ እንዲህ ያለ ኅሊና ለእንደዚህ ዓይነቷ ሴት ከየት ይመጣል ብላ አላመነቻትም። ጥፋቱ ያስረገዛት ሰው ነው፣ እሱ በአደባባይ ይቀጣ ብላም ፈረደች። ሰውየው የገዛ ልጇ መሆኑን ያወቀችው ከፈረደች በኋላ ነው።

መምህራችን በፎቶ ኮፒ የተባዛውን ጽሑፍ ሲያድለን፣ ልጅቷ በሴትየዋ ስም ስለመጠራቷ የሚያወራው ገጽ ላይ ደርሼ ወረቀቱን አስቀመጥኩት። ይህን ገጽ እኔ አውቀዋለሁ። እኛ ግቢ ውስጥ ሆኗል።

በሎጊያ ሚዛን እኛ ሀብታሞች ነበርን። አባቴ ሁለት ተሳቢ ነበሩት፤ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ አሰብ ይመላለሱ ነበር። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲፈነዳ የአሰብ መንገድ ተዘጋና ጭነቱ በጋላፊ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ሎጊያ ላይ ቤርጎ በቤርጎ ላይ ተሠራ፣ ጎሚስታው በዛ፣ ምግብ ቤቱ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ሆነ። ሰመራ ያኔ ገና እየተገነባች ነበር፤ ለመንገደኛው ከተማዋ ሎጊያ ነበረች። እናቴም አሥራ ሁለት ክፍል ቤርጎ ሠራች።

እሷ ግን ሀብቷን አትጠራም፤ የምትጠራው ዘሯን ነበር። አባቷ ወሎ ውስጥ ግራዝማች ነበሩ። ሰውን ሁሉ የምትሰፍረው «ጨዋ» በሚል አንድ ቃል ነው። የጨዋ ልጅ እንዲህ አይቀመጥም። ጨዋ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ሾፌሮቹ ከፋዮች ነበሩ እንጂ ጨዋዎች አልነበሩም። አገሩ የእነሱ የሆነው አፋሮች እንኳ በእሷ ስፍር ከደጃፍ አያልፉም፤ ጠዋት ጠዋት የግመል ወተት የምታመጣልን ሴት ግቢያችን ውስጥ የዳስ ጥላ እያለ በር ላይ ፀሐይ እየመታት ትጠብቅ ነበር። እናቴ አንድም ቀን አላመናጨቀቻትም። ግቢ አላለቻትም፣ ያ ብቻ ነው።

እናቴ ደግሞ ጠያቂ ነበረች። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ እበድላታለሁ። ሎጊያ ውስጥ እሷ ያልጠየቀችው በሽተኛ፣ ያልደረሰችበት ሐዘን አልነበረም። ዱብቲ ሆስፒታል ማን እንደተኛ ሳይነገራት የምታውቅ ይመስለኝ ነበር። ቅርጫት ታስሞላለች፤ ብርቱካን፣ ሾርባ በፔርሙስ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ። ቅርጫቱን የምትሸከመው ሠራተኛችን ናት። የበሽተኛው ክፍል በር ላይ ሲደርሱ እናቴ ትቀበላትና ትገባለች፤ ልጅቷ ውጪ ትቀራለች። ከውስጥ ምርቃቱ ይሰማል።

ልጅቷ ከወሎ የመጣችው በባቲና በሚሌ አድርጋ፣ በጭነት መኪና ነበር። ከእኔ ሦስት ወይም አራት ዓመት ብትበልጥ ነው። ሐሳቧ ጅቡቲን ተሻግራ ሳዑዲ መግባት ነበር፤ ሎጊያ ላይ ገንዘቧ አለቀ። በዚያ መንገድ እንደ እሷ መሀል ላይ የቀሩ ብዙ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። የገባች ዕለት እናቴ ስሟን ጠየቀቻትና «ለአፌ አይመቸኝም» ብላ ሌላ ስም አወጣችላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለቤቱ ሁሉ በዚያ ስም ተጠራች። እኔም ጠራኋት።

ሙቀቱ ሲከፋ ሎጊያ ውስጥ ማንም ቤት ውስጥ አይተኛም። አልጋው ወደ ግቢ ይወጣል፣ አንሶላው ውኃ ይነከራል። የእሷ ፍራሽ መሬት ላይ፣ ከአልጋዬ አጠገብ ነበር። ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ተኝተናል። ስለ ታናሽ ወንድሟ ትነግረኝ ነበር፤ እሱ እንዲማር ነበር ሳዑዲ የፈለገችው። አንድ ሌሊት ስሜን ጽፈሽ አሳዪኝ አለችኝ። በማግስቱ ደብተር አውጥቼ እናቴ ያወጣችላትን ስም ጻፍኩላት። ረጅም ጊዜ አየችውና እሺ ብላ ጣቷን እያስኬደች ተማረችው። ሌላውን ስም አልጠየቅኋትም። እንዳለ እንኳ ረስቼው ነበር።

ቡና ስትጠጣ በረካው ይደርሳታል፣ ጆሮዋ በተሰበረ ስኒ። ይህን ያኔ እንደ በደል አልቆጠርኩትም። ልጅ ቤቱ ውስጥ ያገኘውን ሥርዓት እንደ አየር ነው የሚተነፍሰው።

በ1991 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ወባ ያዛት። ጤና ጣቢያ የሄደችው ብቻዋን ነው፤ ብዙ በሽተኛ የምትጠይቀው እናቴ ይህችን አልጠየቀችም። ካርድ የሚያወጣው ሰው ስሟን ከነአባቷ ሲላት፣ የአባቴን ስም ሰጠች። ለምን እንዳደረገችው ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። የአባቴን ስም የማያውቅ ስላልነበረ ቶሎ ያዩኛል ብላ ይሆናል። ወይም የመጀመሪያ ስሟ እኛ ቤት ከተወሰደ ቀሪውንም ከእኛው ቤት መዋሷ ይሆናል።

ወሬው በሦስተኛው ቀን በቡና ላይ ለእናቴ ደረሰ። እጇን አላነሳችባትም፤ ጨዋ አይማታም። ደሞዟን ሳንቲም ሳታጎድል ቆጥራ ሰጠቻትና «የአባትሽን ስም ይዘሽ ሂጂ» አለቻት። ልጅቷ ከወባው ገና አላገገመችም ነበር። በሳምንቱ ሌላ ሠራተኛ ተቀጠረች፤ እናቴ በዚያው ስም ጠራቻት።

ከዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው ያቺ ከሰዓት። የሴቶች ዕድሩ በእናቴ ሰብሳቢነት እኛ ግቢ ዳስ ሥር ተቀምጧል። ዕድሩ ለተቸገረ መንገደኛ መሳፈሪያ የሚሰጥበት ጥቂት ገንዘብ ነበረው፤ ሐሳቡንም ያመጣችው እናቴ ራሷ ነበረች። ልጅቷ ገባች። መኪና ማቆሚያው አጠገብ አንድ ሻይ ቤት እንደምትሠራ ሰምቼ ነበር። ሆዷ ገፍቷል። ያስረገዛት የመኪና ረዳት ነው፤ ጭኖ ሄዶ አልተመለሰም። የፈለገችው እስከ ወሎ የሚያደርሳት መሳፈሪያ ብቻ ነበር። ከሴቶቹ አንዷ እናቴን «እርስዎ ቤት የነበረችው አይደለችም እንዴ?» አለቻት።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። ልጅቷን ቀና ብላ አየቻት። «አላውቃትም» አለች። ቀጥላም፣ በዚያው ረጋ ባለ ድምፅ፣ ያስረገዛት ሰው ይፈለግና እሱ ያሳፍራት አለች።

ጀበናው የነበረው በእኔ እጅ ነው። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። ሁለት ዓመት ጎኔ የተኛችውን ልጅ፣ ዓይኗን እያየሁ፣ አውቃታለሁ ማለት እችል ነበር። ስኒ ወደመደርደሩ አጎነበስኩ። ስትወጣ አላየኋትም፤ የፕላስቲክ ጫማዋን ድምፅ ብቻ ሰማሁ። በኋላ ሾፌሮቹ የተሳፈረችው ወደ ሚሌ ሳይሆን ወደ ጋላፊ በሚሄድ መኪና ነው አሉ።

በር ጠባቂያችን የአፋር ሽማግሌ ነበሩ። ማታ ማታ እንደ አገራቸው ወግ አስቀምጠውኝ ዳጉ ይጠይቁኝ ነበር፤ ምን አየሽ፣ ምን ሰማሽ። ዳጉ ጨዋታ አይደለም። በዚያ በረሃ ሰው ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ጠብ የሚያውቀው በእሱ ነው፤ ያየኸውን አትጨምርበትም፣ አትቀንስበትም፣ የጠየቀህን አትሸሽገውም። ያን ዕለት ማታ ሲጠይቁኝ «ምንም የለም» አልኳቸው። እሳቸው በሩ ላይ ስለነበሩ ልጅቷ ስትገባም ስትወጣም አይተዋል። ዝም አሉኝ። ከዚያ በኋላ ዳጉ ጠይቀውኝ አያውቁም።

እንግዲህ በ1995ቱ ማታ መድረክ ላይ የወጣሁት ይህን ሁሉ ይዤ ነው። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። ነጠላዬን አስተካከልኩ። ቀና ብዬ አየሁ። እናቴን በገዛ ቀሚሷ፣ በገዛ ቃሏ ፊቷ ላቆማት ቆርጬ ነበር። ቦቴው አለፈ፣ «አላውቃትም» አልኩ፣ የእናቴም እንባ ወረደ።

አወቀች ብዬ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ቤት ስንገባ ግን አቅፋ ሳመችኝና «ምን ዓይነት አረመኔ ሴት ናት! ትንሽ ብትሰጣት ምን ነበረበት?» አለችኝ። ዓይኗ ገና እንደቀላ ነበር። ከዚያ በዚያው በአሮጌው ስም ሦስተኛዋን ሠራተኛ ጠርታ፣ ለልጄ እግር ውኃ አምጪላት አለቻት።

ለብዙ ዓመት ያንን እንባ የማስመሰል እንባ አድርጌ ቆጥሬው ተቆጣሁ። አሁን እንደዚያ አላስብም። እናቴ ለኢቫ ስሚዝ ከልቧ ነው ያለቀሰችው፤ የሚያስፈራኝም ይኼው ነው። ፕሪስትሊ ኢቫን አንድ ጊዜም መድረክ ላይ አላወጣትም። ተመልካቹ የሚያውቃት ከበደሏት ሰዎች አፍ ብቻ ነው፤ ሥራዋን፣ ኩራቷን፣ የተከፈላትን ሽልንግ ሳይቀር። ታሪኳ አስቀድሞ ተነግሮለታል፣ እሷ ደግሞ ምንም አትለምነውም። እኛ ዳስ ሥር የቆመችውን ልጅ ግን ማንም አስቀድሞ አላወራላትም። እጇን ዘርግታ፣ በዚያ ላይ የእናቴን ቤት ስም ደፍራ ነው የመጣችው። ሲቢልም እናቴም የተቆጡት በልጅቷ እርግዝና አይመስለኝም። ስማቸው ለእሷም ሊሆን መቻሉ ነው ያስደነገጣቸው። በአንድ ስም መጠራት ከተቻለ በመሀል ያለው ግንብ ምን ሊሆን ነው?

መንግሥቱ ለማ ይህን ነገር ከፕሪስትሊ አልተማረውም። የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ነው፤ ለንደን ተምሮ ከመጣ በኋላ በጻፈው «ያላቻ ጋብቻ» የትልቅ ቤት ልጅ የቤት ሠራተኛውን ሲያገባ ዘመድ የሚሆነውን አስቀድሞ አሳይቶናል። የእንግሊዙን ቴአትር «መርማሪ» ብሎ ሊሰይመው ይችል ነበር። «ጠያቂ» አለው። በአማርኛ ጠያቂ የሚመረምር ሰው ብቻ አይደለም፤ ቅርጫት ይዞ በሽተኛ የሚያይ፣ እስረኛ የሚያስታውስ፣ ሐዘን የሚደርስም ነው። ጠያቂ የሌለው ሰው ሲባል አንጀታችን የሚላወሰው ለዚህ ነው። መንግሥቱ ሁለቱን ትርጉም አስቦበት ይሁን አይሁን፣ እኔ ያንን ርዕስ ባየሁ ቁጥር ልጅቷ ብቻዋን ጤና ጣቢያ ደጃፍ ትታየኛለች።

እናቴን ብቻዋን እንዳላቆማት ሌላም ልናገር። አገሩ በሙሉ አላውቃትም ብሏታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ ልክ ከእሱ በፊት እንደነበረው ሁሉ፣ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ብሎ የቤት ሠራተኛን ከዝርዝሩ ውጪ ትቷታል። የሥራ ሰዓቷ፣ ዕረፍቷ፣ የሕመም ፈቃዷ ባብዛኛው በእመቤቷ ደግነት ላይ ነው። እናቴ ደግ ነበረች። ደግነቷ እሷ በመረጠችው በር ብቻ ይወጣ ነበር እንጂ።

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ እኔ አዲስ አበባ እሠራ ነበር። ማታ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ከአውሮፕላን የሚወርዱትን ሴቶች ፊት አንድ በአንድ እመለከት ነበር፤ ብርድ ልብስ የተከናነቡ፣ ሕፃን ያዘሉ፣ ጫማ የሌላቸው። ልፈልጋት እንኳ በምን ስም እጠይቃለሁ? እኔ የማውቀው እኛ ቤት የቀረውን፣ ከእሷ በኋላ ለሌሎችም የተዳረሰውን ስም ነበር።

እናቴ በመጨረሻ ዱብቲ ሆስፒታል ተኛች፤ ስኳሩ ኩላሊቷን ነክቶት ነበር። ጠያቂዋ ከበር እስከ ግቢ ሞልቶ ነበር፤ ብርቱካኑ የሚቀመጥበት ታጣ። እኔ ሌሊት ሌሊት አድራት ነበር። አንድ ሌሊት፣ ቬንትሌተሩ እየተሽከረከረ፣ ተኝታለች ብዬ ሳስብ «ያቺ ልጅ» አለች።

«የቷ ልጅ እማዬ?»

«በአባትሽ ስም የታከመችው።»

ከዚያ ስሟን ጠራችው። ከነአባቷ፣ ከመጣችበት ቀበሌ ጋር። አንዴም ሳትሳሳት፣ ምላሷም ሳይያዝ፣ የገባች ዕለት በር ላይ እንደነገረቻት አድርጋ።

«ታውቂያት ነበር?» አልኳት።

«እንዴት አላውቃትም» አለች።

ስሙን እዚህ አላሰፍረውም። ያን ሌሊት በሕመምተኛ ካርዷ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። አራት ፊደል ነው።